የሞተር መጋዝ በሞረድ እንጂ በብየዳ አይታደስም

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ቡራዩን አልፎ ገፈርሳ ለደረሰ ሰው ባሕር ዛፍ አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለዋና ከተማዋ የማገዶ እጥረት መላ ይሆናል ተብሎ የገባው ይህ ዛፍ፣ ዛሬ ለአካባቢው ገበሬ የቁጠባ ደብተሩ ነው። ሰርግ ሲደገስ፣ ቤት ሲሠራ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ ይቆረጣል። እንደ ውፍረቱ ማገር፣ አጠና፣ ወራጅ ወይም ቋሚ ተብሎ ይሸጣል፤ ጉቶው ደግሞ አቆጥቁጦ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ለገበያ ይደርሳል።

ምሳር ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የሞተር መጋዝ እየወሰደው ነው። መጋዙ ሥራ ያቀላል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ችግሩ የሚመጣው ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት ሲያረጅ ነው። አዲሱ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው የውጭ ምንዛሪን ተከትሎ ይወጣል፤ ለመግዛትም መርካቶ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ባለመጋዙ ታዲያ ቅርብ ወዳለው መላ ያዘነብላል። ወይ በጓሮው በሞረድና በመዶሻ ይሞክራል፣ ወይ መንገድ ዳር ወዳለ ብየዳ ቤት ይሄዳል። የተሰነጠቀውን ማስበየድ፣ ያጠረውን ከመኪና ባሌስትራ በተቆረጠ ብረት መቀጠል፣ የሌላ መጋዝ ብረት ሲገኝ የብሎኑን ቀዳዳ አስፍቶ መግጠም ከዚሁ መላ የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። ከእነዚህ ውስጥ ገበሬው በቤቱ ሊሠራው የሚገባ አለ፤ ጨርሶ ሊነካው የማይገባም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እሳት ነው።

በቤት የሚሠራው ይህ ነው። በብረቱ ዙሪያ ሰንሰለቱ የሚሄድበት ቀጭን ቦይ አለ። ቦዩ በመጋዝ ብናኝና በዘይት ጭቃ ሲደፈን በቀጭን ቆርቆሮ ይጠረጋል፤ የዘይቱ ቀዳዳም በሽቦ ይከፈታል። የቦዩ ከንፈሮች ተጨፍልቀው ወደ ውጭ የሾለ ጠርዝ ካወጡ በጠፍጣፋ ሞረድ ይስተካከላሉ። ሞረዱ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፤ አንዱ ከንፈር ከሌላው ከበለጠ መጋዙ ወደ ጎን እየጎተተ ይቆርጣል። ሰንሰለቱ በተሳለ ቁጥር ብረቱን ገልብጦ መግጠም ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ሁለቱ ጠርዞች እኩል እንዲያልቁ ያደርጋል፤ ዕድሜውንም ያረዝማል። ሰንሰለቱ በጣት ሲገፋ ወደ ጎን የሚጋደም ከሆነ ቦዩ ሰፍቷል። ወደ ቦዩ የሚገቡት የሰንሰለቱ እግሮች የቦዩን ወለል መንካት ከጀመሩ ግን የዚያ ብረት ዕድሜ አብቅቷል፤ ሞረድም መዶሻም አይመልሰውም።

እሳት የነካው ነገር ሌላ ነው። የብረቱ ጠርዝ እንዲጠነክር በፋብሪካ በሙቀት የታከመ ነው። ብየዳ ይህን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ በብየዳው ዙሪያ ያለው ክፍል አንዱ ይለሰልሳል፣ ሌላው እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ግራይንደርም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ከቆየና ብረቱን ሰማያዊ ካስመሰለው ያንን ቦታ አቃጥሎታል ማለት ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ፍጥነት የተቀጠለ ብረት ቢላቀቅ ወይም ሰንሰለቱ ከቦዩ ቢወጣ የሚያገኘው የሠራተኛውን እጅ፣ ጭን ወይም ፊት ነው። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት መወርወሩ በደህናው መጋዝ እንኳ ያለ አደጋ ነው። የጫፉን ቅርጽ በግራይንደር የለወጠ ሰው ይህን አደጋ በገዛ እጁ ያብሰዋል።

ብረቱን ማስረዘም የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ግንድ ለመጣልና ጣውላ ለማውጣት ነው። ነገር ግን ከብረቱ ርዝመት እስከ እጥፍ የሚጠጋ ውፍረት ያለውን ግንድ ከሁለት ወገን እየቆረጡ መጣል ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ስልጠና እንጂ ባሌስትራ አይደለም። ለ40 ሴንቲ ሜትር ብረት በተሠራ ሞተር ላይ የተቀጠለ ረጅም ብረት መጫን ደግሞ ሞተሩን ያግላል፤ የዘይቱ ፓምፕም እስከ ጫፉ አያዳርስም። ብረት የሚገዛ ገበሬም ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን የተቀረጸበትን ቁጥር ማንበብ አለበት። የቦዩ ስፋት 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ከሰንሰለቱ ጋር ካልተስማማ ገንዘቡ ጠፋ።

በተጣመመ ብረት የተቆረጠ ጉቶ ጉዳይም ለገበሬው ቀላል አይደለም። ቅርፊቱ ተገሽልጦ የተተወ ጉቶ በደንብ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ያረጀ ብረት የሚያበላሸው የዛሬውን ምርት ብቻ አይደለም።

በገፈርሳ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ግድቡ። ቦዩ የሰፋ ወይም የተበየደ ብረት ዘይት ይጠጣል። ባለመጋዙም ወጪ ለመቀነስ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይጨምርበታል። ያ ዘይት ሰንሰለቱን አልፎ መሬት ላይ ይረጫል፣ በዝናብም ይታጠባል። የገፈርሳ ውኃ አዲስ አበባ የምትጠጣው ነው። በግድቡ ተፋሰስ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢቀር የተቃጠለ ዘይት በመጋዝ መጠቀም ሊከለከል ይገባል፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

የቀረው የወረዳና የክፍለ ከተማ ባለሥልጣናት ድርሻ ነው። የሞተር መጋዝ ሲነሳ ወዲያው የሚታሰበው የደን ጭፍጨፋ ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ መጋዝ የገበሬውን ባሕር ዛፍ ከመናገሻ ሱባ ጽድ አይለይም። ይሁን እንጂ መጋዝ ያለውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ማየት መጋዙን ወደ ጓሮ ከመደበቅ ያለፈ ውጤት አያመጣም፤ የተደበቀ መጋዝ ደግሞ የሚጠገነው ተደብቆ ነው። ቁጥጥሩ በእንጨቱና በሚቆረጥበት ቦታ ላይ ይጥበቅ፤ መጋዙ ግን ይመዝገብ፣ ባለቤቱም ይሰልጥን። ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ገበሬውን የሚያማክረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ መጋዝ አያያዝም አንድ ሁለት ቃል ቢኖረው ምን ይከፋል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ የሙያ ማሰልጠኛም የብረታ ብረት ባለሙያም አያጡም። ለስልጠናው አንድ ሞርሳ፣ አንድ ጠፍጣፋ ሞረድና አንድ ያረጀ ብረት ይበቃል።

ብየዳ ቤቶቹም መንገድ ዳር በግልጽ የሚሠሩ ናቸው። የሞተር መጋዝ ብረት ይዞ የመጣን ደንበኛ እንዲመልሱ ማስጠንቀቅ ለአንድ የወረዳ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የዛፍ ቆረጣው የሚበረታበት የበጋ ወቅት ከመግባቱ በፊት ሊጠናቀቅ ይችላል።