ትኬቱ የማይነግረን ሰዓት



ከመስቀል ፍላወር እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንገዱ አጭር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እናቱን ወይም አባቱን የልጅ ልጆቻቸውን ዓይን እንዲያዩ ወደ አሜሪካ የሚሸኝ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል።

ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሰዓቷም ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ የሐጅና የዑምራ መንገደኛ ሂሳብ አያስቸግረውም። ዋሽንግተን ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሰዓቷም በብርዳቸው ወራት በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል።

በምሳሌ እንየው። የጥር ወር ትኬት «መነሻ 22:45፣ መድረሻ በማግስቱ 07:45» ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:45 ተነስቶ ከጠዋቱ 1:45 መድረስ ነው። ያየው ሁሉ «ዘጠኝ ሰዓት ብቻ!» ይላል። ነገር ግን የተጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኑ እዚያ ሲያርፍ አዲስ አበባ ከቀኑ 9:45 ሆኗል። ስለዚህ ጉዞው 17 ሰዓት ነው። በመልሱ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ቢገባ ደግሞ 21 ሰዓት ይመስላል፤ እውነቱ 13 ነው።

ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃው ለምን ረዘመ? ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ ስለዚህ እንደ ሮም ወይም ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ደግሞም በላይኛው አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄድ ይገታዋል፣ ሲመለስ ይገፋዋል።

ሂሳቡ ለጨዋታ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ኢንሱሊን የሚወስዱት በሰዓት ነው። በትኬቱ ሰዓት ከተመሩ የ8 ሰዓት ስህተት ይፈጠራል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ትክክለኛውን የጉዞ ርዝመት ለሐኪማቸው ነግራችሁ መመሪያ ተቀበሉ። መድኃኒቱም በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ከታች ከጭነት ጋር ከተቀመጠ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል።

በረመዷን የሚጓዝም እንዲሁ ያስብ። ጾመኛ መንገደኛ የሚያፈጥረው በአዲስ አበባ ሰዓት ሳይሆን እርሱ ባለበት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ወደ ምዕራብ በቀን ሲበሩ ደግሞ ቀኑ ይረዝማል። አላህ (ሱ.ወ.) ለመንገደኛም ለበሽተኛም አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷልና ደካማ ወላጆቻችንን አናስጨንቅ።

ወጣቶች ሆይ! የእናታችሁን ትኬት ተቀብላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ የሁለቱን አገር ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉላቸው፤ የመድኃኒቱንም ሰዓት አስምሩበት። ይህ ትንሽ ሥራ ትልቅ ኺድማ ነው። አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፣ በሰላም ይመልስልን። አሚን።