ልጆቹ ይምረጡ እንጂ አይገልብጡ
ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መምህራን፣ ከቁስቋም



የቁስቋም ነዋሪና ወላጅ ነኝ። አርብ አርብ በልጆቻችን ቦርሳ ስለሚላከው የአማርኛ ወርክሺት ልጽፍላችሁ ነው። ልጅ የሞላበት ክፍል ይዞ የሁሉንም ደብተር ማረም ምን ያህል እንደሚያደክም አይጠፋኝም። ቅሬታዬ በእናንተ ትጋት ላይ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ነው።

ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። ዳር ዳሩ በአበባ ያጌጠ ነው፤ የሚቀባ ፊኛም አለው። ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም። አንዱ «ለ፣ ሉ፣ ___፣ ላ» ብሎ ባዶውን ሙላ ይላል። ሌላው አንድ ቃል ይሰጥና አሥር ጊዜ ገልብጥ ይላል። ለመጀመሪያው ፊደሉን ማወቅ አያስፈልግም፤ በዜማ የሸመደዱትን ተራ መከተል ይበቃል። ለሁለተኛው ዓይንና እጅ እንጂ ጆሮ አያስፈልግም። ብዙ ልጆች ጭራሽ ቃሉን ቁልቁል ነው የሚገለብጡት፤ መጀመሪያ አሥር «ት»፣ ቀጥሎ አሥር «ም»፣ ከዚያ አሥር «ህ»። ገጹ ይሞላል፣ «በጣም ጥሩ» ይጻፍበታል፤ «ትምህርት» የሚለውን ቃል ግን ልጁ አንዴም አላነበበውም።

የኔታ ሽምደዳ ንባብ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ሀ ሁ በተራው ካለቀ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቤቱም ረድፉም በየእርምጃው ስለሚለወጥ የለመዱት ዜማ አያድንም። ልጁ ፊደል መለየት አለመለየቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። (ኩርኩሙም አብሮ ይመለስ አላልኩም።)

ከእንግሊዝኛ የተቀዳው «የተበታተኑትን ፊደላት አስተካክል» የሚለው ጥያቄም ለእኛ ብዙ አይረዳም። የእንግሊዝኛ ጣጣው አንድን ድምፅ በብዙ መንገድ መጻፉ ነው። አማርኛ ባብዛኛው እንደሚነገረው ይጻፋል፤ ልጅ የሚደናቀፈው ሌላ ቦታ ነው። 33ቱ ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። ሳድሱ እንደየቤቱ መልኩን ይቀያይራል፤ ል፣ ም፣ ር፣ ን በአንድ ሕግ አይገዙም። የሰፈራችንን ስም ውሰዱ። ቁስቋም ውስጥ ቁም አለ፣ ቋም አለ፣ ሁለት ሳድስም አሉ። የአንደኛ ክፍል ልጅ «ቁስቃም» ብሎ ቢጽፍ አይደንቅም። ወርክሺት ከዚህ ዓይነት ስህተት ይነሣ። ቀበሮና ከበሮ ተሥለው ልጁ ስማቸውን ይጻፍ፤ ቀ እና ከን በጆሮው ሳይለይ ጥያቄውን አያልፍም። ጠራና ተራም እንዲሁ።

በቀይ እስክሪብቶ ላይም አንድ ነገር ልበል። «ዓለም»ን «አለም» ብሎ የጻፈ የሰባት ዓመት ልጅ አይሰረዝበት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ከግእዝ የወረስነው ስለሆነ ከፍ ሲል ይደርስበታል። ሽሮ ሜዳ ብትወርዱ «የሐበሻ ልብስ»ም «የሀበሻ ልብስ»ም የሚል ማስታወቂያ ታገኛላችሁ፤ ገዢው አልተቸገረም። «ቋ» «ቃ» ሲሆን ግን ንባቡ ይበላሻል። ቀዩ እስክሪብቶ ለዚያ ይቆይ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ፊደል ሲቆጥሩ ብትሰሟቸው ኖሮ ብዙዎቹ ያውቃሉ ትሉ ነበር።

የምለምናችሁ የቃል ጽሕፈትን እንድትመልሱልን ነው። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው ከሰሌዳው እያዩ ይተራረሙ። ጨዋታ ካስፈለገ ደብተር ላይ ዘጠኝ ሳጥን ይሥሩና ሰሌዳው ላይ ከጻፋችኋቸው ሃያ ፊደላት የወደዱትን ዘጠኝ ይሙሉ። ከዚያ ሰሌዳውን አጥፉና ፊደላቱን እያቀያየራችሁ ጥሩ፤ ሦስት በተርታ የተጠራለት ያሸንፋል። ለፎቶ ኮፒ ሳንቲም አይወጣም።

ወርክሺቱ የግድ ከሆነም የፊታችን አርብ ከመባዛቱ በፊት እያንዳንዱን ጥያቄ ፈትሹልን። ልጁ ሳያነብና ሳያዳምጥ ሊሞላው የሚችል ጥያቄ ካለ እባካችሁ አውጡት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቁስቋም ወላጅ