ዝናብም ቢሆን የቀን ገቢው ያው ነው፦ የኢሉባቦር መንገድና ክረምት

ኢሉባቦር ላይ ክረምት ሦስት ወር አይደለም። አዲስ አበባ ሰኔ ሲገባ ጃንጥላ ትፈልጋለች፤ መቱና ጎሬ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ሲዘንብባቸው ከርሞ እስከ ጥቅምት ይቀጥላል። ጎሬ እኮ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። «በክረምት ተጠንቅቀህ አሽከርክር» የሚለው ምክር እዚህ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ይሠራል ማለት ነው።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከበደሌ ወደ መቱ በያዮ ጫካ ስታልፉ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላም በዛፉ ጥላ ሥር አስፋልቱ ቶሎ አይደርቅም። ከገጠር መንገድ የሚወጡት አይሱዙዎች ደግሞ በጎማቸው ያመጡትን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያራግፉታል። ትንሽ ካፊያ ሲጨመርበት ሳሙና ሆነ በሉት።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ያ ሁሉ አልፏል። ከዚያ በኋላ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ መኪናውን የሚያቆምበት ርቀት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ጎማው ካለቀ ይብሳል።

ይሄን ሹፌሮቹም ያውቁታል። ታዲያ ለምን ይበራሉ? እኛ እንደሚመስለን ችግሩ እውቀት ሳይሆን ሂሳብ ነው። ብዙ የሚኒባስና የባጃጅ ሹፌር መኪናው የራሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል። ዘነበ አልዘነበ ገቢው ያው ነው። በዝናብ ቀን ደግሞ ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ምልልሱም ይቀንሳል። የቀረችውን ምልልስ በምን ያካክሳት? በፍጥነትና ትርፍ በመጫን። ትራፊክ መንገድ ላይ የሚያስቆመው እሱን ነው እንጂ ባለቤቱን አይደለም። ጎማ መቀየር ያለበት ግን ባለቤቱ ነው። በዝናብ ቀን ገቢውን ትንሽ ቀነስ ማድረግም በእሱ እጅ ነው፤ መኪናው ገደል ከገባ የሚከስረው ከዚያ በላይ ነው እኮ።

የጭነት መኪና ነገርም አለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰው የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰው ሞቷል። ያውም በበጋ። አይሱዙ ላይ ለተጫነ ሰው ቀበቶ የለም፣ ወንበር የለም፤ ሲገለበጥ የሚይዘው ነገር የለም። እኛም ጋ በገበያ ቀን ከጆንያ ጋር የሚሳፈረው ሰው ጠፍቶት አይደለም፤ ሌላ መኪና አጥቶ ነው።

ለተሳፋሪ የሚቀረው ነገር ግን አለ። «ፍጠን እንጂ፣ መሸብን» የምንለው እኛው አይደለን? ጎሬ ላይ ጉም ሲወርድ ረጅሙ መብራት ነጭ ግድግዳ ሆኖ ወደ ሹፌሩ ስለሚመለስ፣ አጭሩን እንዲያደርግ መናገር ነውር የለውም። መናኸሪያ ስትደርሱም ከመሳፈራችሁ በፊት ጎማውን አንዴ እዩት። ጥርሱ ካለቀ፣ ወይም ዝናብ መጥረጊያው የማይሠራ ከሆነ፣ ቀጣዩን ጠብቁ። ረዳቱ ይስቅባችሁ ይሆናል።