የማርቆስ ቤተ መንግሥትና የሲሚንቶው ልስን

አሮጌ መሥሪያ ቤት «ታደሰ» በተባለ ቁጥር የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል፤ የጥንቱ ልስን ተነቅሎ በሲሚንቶ ይተካል፣ የእንጨቱ መስኮት ወጥቶ አሉሚኒየም ይገባል፣ ቀለም ይቀባና ይመረቃል። አዲስ ማስመሰል እንደ ጥገና እየተቆጠረ ነው። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች በተዘረጋበት በዚህ ጊዜ፣ የድሮዋ መንቆረር የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ይህን ልማድ ልትቀበል አይገባም። ሲሚንቶ በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳን ያፍናል። የኖራ ልስን ክረምት የጠጣውን እርጥበት በጋ ሲመጣ ይለቀዋል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያስቀረዋል፣ ማያያዣው ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። የጎጃም ደጋ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ይህን ቀድሞ አይቶታል፦ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት የጠገኑት፣ ኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው።

«በደብረ ማርቆስ ያለው የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥትም ቢሆን በኋላ ተለውጧል፣ እኛስ ለምን አንለውጠውም?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ቤተ መንግሥቱ በ1918 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ሲገዙ፣ የአውሮፓ ሕንፃ መልክ ይዞ ታድሷል። ነገር ግን ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ግድግዳው ከዚያ ጉዞ ማግስት የጎጃም ገዥ ምን እንደ ተመኘ ያሳያል። አሉሚኒየሙ ከየትኛውም ከተማ ሱቅ የተለየ ነገር አይነግረንም፤ ከታች ያለውንም ይደመስሳል። ለውጥ ካስፈለገ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ሆነ የክፍል መለያው ግድግዳውን ሳይጎዳ ነገ ሊነሣ የሚችል ይሁን።

ሌላው መከራከሪያ ገንዘብ ነው፤ ቢሮ መሥራት አለበት፣ ከተማዋም ድሃ ናት ይባላል። ሕንፃውን ባዶ ሙዚየም አድርጉት አላልኩም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የምድር መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሮ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቶ፣ ዛሬም የስብሰባ አዳራሽ ነው። የወጣበት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለማርቆስ አይታሰብም፣ አያስፈልጋትምም። አሮጌ ሕንፃን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ውኃ ነው፤ አሸንዳ ማጽዳት፣ የተቀደደ ቆርቆሮ መቀየር፣ ኖራ ማቡካት የሚችል ግንበኛና መስኮት የሚጠግን አናጺ መቅጠር በየዓመቱ ከመጠነኛ በጀት ሊወጣ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። እንግዲህ የልስን ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ባለሙያ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ግድግዳው በምን እንደ ተያያዘ ይመርምር።