ዲዴሳ ላይ ያለውን ድልድይ ማን ያዳምጠዋል?

ወገን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጮቤ ረግጠናል። ይገባናልም! ቦንድ የገዛነው፣ በ8100 የላክነው እኛው ነን። ግን ወደ ግድቡ አካባቢ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ የሚወስደውን መንገድ አስቡት። እሱስ የማን ንብረት ነው? የኛው አይደል?

የምዕራብና የቄለም ወለጋ ቡና ዲዴሳን ተሻግሮ ነው ነቀምት የሚደርሰው። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛም እንደዚያው። ያ ድልድይ አንድ ቀን ቢዘጋ ምን ይውጠናል?

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰው አለቀ። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት በዝገት ሲበላ ከውጭ ማን ያየዋል? በቦታው አዲሱን ድልድይ ከገነቡት አንዱ ማን መሰላችሁ? ያው የኛን ህዳሴ የሠራው ሳሊኒ፣ የዛሬው ዌቢልድ ነው። በ2012 ሲከፈት ሁኔታውን የሚከታተሉ ሴንሰሮች ተገጥመውበት ነበር።

ነገሩ አስማት አይደለም። ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑን የሚያዞረው ዓይነት መለኪያ ነው። ድልድይ ላይ ሲገጠም ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ንዝረቱን ይመዘግባል። ድልድይ እንደ ልብ የራሱ ምት አለው፤ ሲሰነጠቅ ወይም ሲላላ ምቱ ይቀየራል። ሽቦ መዘርጋት አይጠይቅም። በባትሪና በትንሽ ሶላር እየሠራ መረጃውን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሙቀትና ቅዝቃዜም ምቱን ይለውጡታል። ስለዚህ ጤነኛ እያለ ክረምት ከበጋ መመዝገብ አለበት፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ቢጀመር ከምን ጋር ይነጻጸራል? ሴንሰሩ መሐንዲሱን አይተካም፣ የት ሄዶ ማየት እንዳለበት ግን ይነግረዋል።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነቀምት ነው። የሲቪልና የኤሌክትሪካል ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ዲዴሳ ላይ ስቀሉት! የመንገዶች አስተዳደር ደግሞ ፈቃዱን ይስጥ፣ ውጤቱንም ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ከዚያ ነቀምት ላይ ሽቅብ ወደሚወጡት ፎቆች እንሄዳለን።

ግድብ የገነባ ትውልድ ድልድዩ እስኪወድቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የምታውቁት ተማሪ ካለ ታግ አድርጉት፣ ሼርም ይደረግ።