የመስኖ መሣሪያ ግዥ ከዋጋ ባሻገር

የአውስትራሊያ ቴሌኮም ኩባንያዎች ቴልስትራና ኦፕተስ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የ3ጂ ኔትወርካቸውን መዝጋት ሲጀምሩ፣ በዚያ ኔትወርክ ብቻ የሚሠሩ የእርሻ መሣሪያዎች መረጃ መላክ የማይችሉ ሆኑ። የአፈር እርጥበት የሚለካው ክፍል ግን ጤነኛ ነበር። የመገናኛ ክፍሉ ለብቻው የሚነቀል ከሆነ እሱን ብቻ ቀይሮ፣ ሶፍትዌሩን አድሶ መቀጠል ይቻላል፤ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ከተበየደ መሣሪያው እንዳለ ይጣላል።

ሶፍትዌሩ በርቀት ሲታደስ ኔትወርክ ቢቋረጥስ? በደንብ የተሠራ መሣሪያ የቀድሞውን ስለማያጠፋ ወደ እሱ ይመለሳል።

በእኛም አገር ወረዳዎች የፀሐይ ኃይል ፓምፕና የእርጥበት መለኪያ ሲገዙ ይህንኑ በጨረታ ሰነዱ ላይ ማስፈር ይኖርባቸዋል። መቆጣጠሪያው በመስኖ ወቅት ተበላሽቶ መለዋወጫ ከጠፋ፣ የሚደርቀው የአርሶ አደሩ ሽንኩርት ነው። አቅራቢውም የመገናኛ ክፍሉን ለብቻው ለመሸጥ በውል ይገደድ።