ኩልፎን ሳንሻገር ስለ ቱሪዝም?

ሰሞኑን በማደሪያችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቱሪዝም መማር ምን የሚሉት ነው? ፈረንጅ ተከትሎ ለመዞር ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ!» አለ አንዱ። ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ ግን ሳቃችን በራሳችን ላይ ሆነ።

ለመሆኑ ከመካከላችን ኩልፎን ተሻግሮ የነጭ ሣርን ሜዳ ያየ ስንቱ ነው? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ዓላማ ቆርኬን መጠበቅ ነበር። ዛሬ የሜዳ አህያው ይታያል፤ ቆርኬው ግን እጅግ ተመናምኗል። ጫካውን ለማገዶ የሚቆርጠው ሰው ሌላ መተዳደሪያ ካላገኘ በክልከላ ብቻ አይተውም። እንግዳው እንዲመጣ፣ አውሬው እንዲተርፍ፣ የአካባቢው ሰውም እንዲጠቀም ማድረግ እንዴት ይቻላል? የቱሪዝም ትምህርት ዋና ጥያቄ ይህ ነው እንጂ ፈረንጅ መከተል አይደለም።

ሥራውም አስጎብኚነት ብቻ አይደለም። በሆቴል አስተዳደር፣ በጉዞ ድርጅት፣ በሙዚየም፣ በፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ በባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የሚሠራ አለ። በርግጥ ዲግሪው ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ቋንቋና ያገር ዕውቀት ይጠይቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ እንዳየነውም እንግዳ ሲቀር ሥራው አብሮ ይቀራል። ይህንንም ሳንደብቅ መናገር አለብን።

እኛን መምህራንን የሚነካን ደግሞ ሌላ ነው። ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ፣ ዶርዜ አካባቢ፣ መኪና ባዩ ቁጥር እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ገንዘብ የሚጠይቁ ልጆች አሉ። ነገ የኛ ተማሪዎች ናቸው። በትምህርት ሰዓት መንገድ ላይ የዋለ ልጅ ለዛሬ ጥቂት ብር ያገኝ ይሆናል። የቀርከሃውን ቤት አሠራርና የሸማውን ጥበብ በሁለት በሦስት ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ የመሆን ዕድሉ ግን ያመልጠዋል። አገሩ የሱ ሆኖ እሱ ዳር ቆሞ ለማኝ ሊሆን ነው። ታዲያ ይህ ልጅ «ቲቸር፣ ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቀን በማደሪያ ቀልድ ልንመልስለት ነው?

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። የጂኦግራፊና የታሪክ መምህሮቻችን ይምሩንና በአንድ ቅዳሜ ኩልፎን ተሻግረን ነጭ ሣርን እንይ። ያላዩትን ማስተማር ይከብዳል፤ ያላወቁትን ማቃለል ግን በጣም ይቀላል።

ከሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች